ሰደፍ ጠራቢው ኢኖክ ታንዲና እንጨት የሚበላው ማሽን

ኢኖክ ታንዲ ሰኞ ሰኞ አይሠራም ነበር። ቄሱ ቢቆጡ፣ ሚስቱ ብትነጫነጭ፣ ሥራ ያዘዘው ነጋዴ ደጅ ቢጠና፣ ሰኞ ሰኞ ነው። የበርሚንግሃም ጠመንጃ ሠሪዎች ዕለቱን «ቅዱስ ሰኞ» ይሉታል። ይህ ቅዱስ በየትኛውም የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ አይገኝም፤ ነገር ግን ከጴጥሮስም ከጳውሎስም ይልቅ በሙሉ ልብ የሚከበረው እሱ ነበር። ኢኖክ እሑድ የጠጣው ቢራ ሰኞ ያሰክረዋል፣ ሰኞ የጠጣው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ ግን መሮውን አንዴ ካነሣ እስከ ቅዳሜ የሚደርስበት ሰው የለም።

ሙያው የጠመንጃ ሰደፍ መጥረብ ነው። ላቭዴይ መንገድ ላይ፣ ከአንድ ጠባብ ግቢ ጀርባ፣ ደረጃው የሚንቀጠቀጥ አንድ ክፍል ነበረው። በዚያ ዘመን ጠመንጃ በአንድ ቤት አይወለድም። አፈሙዙን የሚቀጠቅጠው ሌላ፣ መተኮሻውን ሞርዶ የሚያስማማው ሌላ፣ ብሎኑን የሚያወጣው ሌላ ነው። ዕቃው በሴቶች ቅርጫት ከግቢ ግቢ ሲዞር ከርሞ መጨረሻ ላይ ኢኖክ ዘንድ ይደርሳል። እሱ ደግሞ ገውዝ ከሚባለው ጥቁር ቡናማ እንጨት ሰደፍ ጠርቦ፣ ሆዱን ፈልፍሎ፣ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር ያጋባል። ማጋባት ነው በእርግጥም፤ አንዴ የተጋቡ አይፋቱም። የአንዱ ጠመንጃ መተኮሻ ለሌላው ሰደፍ አይሆንም። አንዱ ጠቦ፣ አንዱ ሰፍቶ፣ ሁሉም የየራሱን ጠባይ ይዞ ይወጣል።

ሲሠራ ይዘፍናል። ድምፁ እንደ በሬ ነው፤ የመዝሙር ጓድ ውስጥ ሲቆም የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን መስኮቶች ይንቀጠቀጣሉ። ሰደፉን ሲጨርስ አንገቱን በቀኝ እጁ ጨብጦ ዓይኑን ይጨፍንና አውራ ጣቱ በምታርፍበት ቦታ ላይ በአሸዋ ወረቀት ትንሽ ይዳብሳል፤ ለዓይን የማትታይ፣ ለእጅ ብቻ የምትታወቅ ጎድጎድ ያለች ቦታ ትወጣለች።

«አውራ ጣትም እንደ ሰው ማደሪያ ትፈልጋለች» ይላል።

ከእሱ ክፍል ሥር ጆሳያ ፒክ የሚባል መተኮሻ ሞራጅ ነበር። ጆሳያ ቀጭን፣ ምላሱ ከሞረዱ የሚስል፣ በዓለም ላይ አንድም ነገር ደስ የማይለው ሰው ነው፤ ግን ኢኖክን እንደ ወንድሙ ይወደዋል። የስሞል ሂዝ መስክ ላይ ትልቅ ፋብሪካ መቆሙን፣ በውስጡም ከአሜሪካ የመጣ እንጨት የሚበላ ማሽን መኖሩን መጀመሪያ ያወራው እሱ ነው።

«አንድ ቢራ ጠጥተህ ሳትጨርስ ሰደፉን ጠርቦ ይተፋዋል አሉ» አለ፣ መሸታ ቤት ተቀምጠው ሳለ።

«የማን ቢራ? ያንተ ከሆነ እኔም እጠርበዋለሁ፤ አንድ ብርጭቆ ይዘህ ታመሻለህ።»

«ሳቅ፣ ሳቅ። ልጆቻችን ሲለምኑም ትስቃለህ።»

«ጆሳያ ወንድሜ፣ እንጨት እኮ አይብ አይደለም። አንዱ ዛፍ እልኸኛ ነው፣ አንዱ ልፍስፍስ ነው። ማሽኑ ይህን በምን ያውቃል? አነጋግሮት ነው?»

መሸታ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ወሬውም በዚያ ቀረ።

ግን ሳምንት ሳይሞላ ወሬው በገዛ እግሩ ቤታቸው ገባ። የኢኖክ ሚስት ታቢታ አንዲት ትርፍ ክፍል ነበረቻትና አንድ እንግዳ አከራየችበት። ረጅም፣ ጆሮው እንደ በር እጀታ የወጣ፣ ሲናገር በአፍንጫው የሚዘፍን ወጣት ነው፤ ስሙ ዜናስ። ታቢታ ከአሜሪካ መምጣቱን ጠይቃ አወቀች እንጂ ምን እንደሚሠራ አልጠየቀችም። ኢኖክም ቢሆን የመጀመሪያው ምሽት እራት ላይ፣ የአሳማ ጉበት ድብልብሉና አተሩ ቀርቦ እስኪጋመስ ድረስ አልጠየቀም።

«ታዲያ ልጄ፣ ውቅያኖስ አሻግሮ ያመጣህ ምን ሥራ ነው?»

«የፋብሪካው ሜካኒክ ነኝ፣ ሚስተር ታንዲ። የሰደፍ መጥረቢያ ማሽኖቹን የምተክለው እኔ ነኝ።»

የኢኖክ ሹካ አፉ አጠገብ ቀረ። ታቢታ ድስቱን እንደያዘች ቆመች። ዜናስ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን መሮዎች ያየው ያን ጊዜ ነው፤ ጆሮዎቹ ቀሉ።

«ታቢታ» አለ ኢኖክ ቀስ ብሎ፣ «ተኩላውን አምጥተሽ ከበጎቹ ጋር አስተኛሽው?»

«እኔ ምን አውቄ! መልኩ የተኩላ አይደለም። ደግሞ ከስቷል።»

«ልውጣ እንዴ?» አለ ዜናስ እየተነሣ።

«ቁጭ በል!» ጮኸ ኢኖክ። «ቤቴ ገብቶ ጦሙን የሚያድር ሰው የለም። ብላ! እኔን ልታጠፋኝ ከመጣህ ጠግበህ አጥፋኝ።» ይህን ብሎ ራሱ ሳቁ አመለጠው። ታቢታም ሳቀች። ዜናስ ግን እየሳቁበት ይሁን ከልባቸው ጋብዘውት ይሁን ሳይገባው አተሩን ጭልፋ በጭልፋ ጨረሰው።

እንዲህ ሆኖ ጎረቤትነቱ ቀጠለ። ልጁ ትሑት ነው፤ ውኃ ይቀዳል፣ የታቢታን የተሰበረ የልብስ መጭመቂያ ጠገነላት። ኢኖክ በየምሽቱ ይነካካዋል፤ «እንዴት ዋለ ልጃችን? እንጨት በላልህ? ሆዱን አልነፋውም?» ይለዋል። በመጨረሻ ዜናስ ታገሠ ታገሠና፣ «ሚስተር ታንዲ፣ ከሚሳለቁበት ለምን መጥተው አያዩትም?» አለው።

«እመጣለሁ። ግን ከሰኞ ሌላ ጊዜ የለኝም።»

ሰኞ ረፋድ ላይ ኢኖክ ወደ ስሞል ሂዝ ሲሄድ ብቻውን አልነበረም። መሸታ ቤቱ በሙሉ ተከትሎታል። ጆሳያ ሞረዱን ኮት ኪሱ ከቶ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ አንዱ ዋሽንት ይነፋል፣ ሌላው የቢራ ገንቦ ተሸክሟል። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ሃርግሪቭ በር ላይ ቆሞ ይህን ሠርግ የመሰለ ሰልፍ ሲያይ ግራ ተጋባ፤ ሆኖም ሠራተኛ ፍለጋ ላይ ነበርና አስገባቸው።

ውስጡ ገና ብዙው ባዶ ነው። ጣሪያው ላይ ዘንግ ይዞራል፤ ከዘንጉ ቺንጋዎች ወርደው ማሽኖቹን ያሽከረክራሉ። ዜናስ አንድ ቀጥ ያለ የገውዝ ጣውላ አሰረ። ከጎኑ የሰደፍ ቅርጽ ያለው የብረት አብነት ታስሯል። አንዲት ለስላሳ የብረት መንኮራኩር አብነቱን እየዳበሰች ትሄዳለች፤ እሷ ከፍ ስትል በዚያኛው በኩል ስለቱ ከፍ ይላል፣ እሷ ዝቅ ስትል ስለቱ ዝቅ ይላል። ዜናስ እጀታውን ለቀቀ። ሰጋቱራ እንደ ቡናማ በረዶ ተረጨ። ሰልፈኞቹ ወደ ኋላ ሸሹ፤ ዋሽንቱ ዝም አለ። ገንቦው አንድ ዙር ሳይጨርስ ጣውላው ሰደፍ ሆኖ ወጣ።

ጆሳያ ባርኔጣውን ደፍቶ «በሉ የቀብሬን ቀን ንገሩኝ» አለና ወጥቶ ሄደ። አንድ ሁለቱ ተከተሉት።

ኢኖክ ግን ገና ትኩሱን ሰደፍ አንሥቶ አገላበጠው። አንገቱን ጨበጠ። ዓይኑን ጨፈነ። «ይህን ማን ጠረበው?» አለ።

«ማሽኑ ነው እንጂ፤ አሁን አላዩም?»

«ማሽኑማ የሚኮርጅ ተማሪ ነው። ብረቱን እያየ ነው የሚገለብጠው። እኔ የምጠይቅህ ብረቱን ማን እንደጠረበው ነው።»

ዜናስ ራሱን አከከ። «ብረቱ የተቀዳው ከአንድ የእንጨት ሰደፍ ነው። እኛ አገር አንድ ሽማግሌ ጠርበውት ነበር። ሞተዋል።»

«ነፍስ ይማር። እጃቸው ግዙፍ ነበር፣ ትዕግሥት አልነበራቸውም፣ ትከሻቸውንም ያማቸው ነበር። እየው፣ እዚህ ጋ ሲደርሱ ደክሟቸዋል።» ሰደፉን መልሶ ሰጠው። «አሁን ማሽንህ የእኚህን ሰው ድካም እስከ ምጽአት ሲገለብጥ ይኖራል።»

ሚስተር ሃርግሪቭ ከኋላ ሆኖ ይሰማ ነበር። «ሚስተር ታንዲ» አለ፣ «ከባሕር ማዶ አንድ መንግሥት አዲስ ዓይነት ጠመንጃ አዞናል። አዲስ አብነት ያስፈልገናል። ይጠርቡልናል?»

ኢኖክ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ወጣ።

ያን ቀን ቢራ አልቀመሰም። ታቢታ በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም በሰኞ፣ ሳይሰክር ሲመጣ ስታየው ደነገጠች። መስኮቱ ሥር ተቀመጠና ሁለቱን መዳፎቹን ዘርግቶ አያቸው።

«ሠላሳ ዓመት የተማርኩትን፣ እኔ ፒፓዬን ትንባሆ በምሞላበት ጊዜ በላው፣ ታቢታ።»

እሷ ሽንኩርት መላጧን አላቆመችም። «ታዲያ እሱ ያምርበታል?»

«ምኑ?»

«ሥራው ነዋ! ያንተን ያህል ያምራል ወይ ነው የምልህ።»

ኢኖክ አሰበ። መዋሸት አልወደደም። «አብነቱ ካማረ ያምራል» አለ።

«እንግዲያ አብነቱን አሳምርለት። ወገብህን ይዘህ ስትቃትት የማድረው እኔ ነኝ። መሸከሙን እሱ ይሸከም፣ ማወቁን አንተ እወቅ።» ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ጣለች። «ደግሞ እንቢ ብትል ሌላ ሰው ይጠርበዋል። የዚያ የጠማማው የፊንች ሥራ ሺህ ጊዜ ተባዝቶ ላቭዴይ መንገድ ሲያልፍ ልታይ ነው?»

ፊንች ከታች ግቢ ያለ ተፎካካሪው ነው። የዚህ ሰው ስም ሲነሣ ኢኖክ እንደ እሳት ተቆጥቶ ተነሣ። «ፊንች? ፊንች የበር መወርወሪያ አይጠርብም!»

«አየህ» አለች ታቢታ።

በማግስቱ እንጨት ነጋዴው ዘንድ ሄዶ የገውዝ ጣውላዎቹን ሁሉ አስወረደ፤ አንኳኳ፣ አሸተተ፣ አንዱን መርጦ እንደ ሕፃን አቅፎ ተመለሰ። ከዚያ የጀመረው ሥራ ግቢውን ሁሉ አዳረሰ። ጎረቤት በደረጃው እየወጣ ያያል፣ ይመርቃል፣ ይተቻል። ሚስተር ሃርግሪቭ መልእክተኛ ይልካል፤ ኢኖክ «ያረገዘች ሴት አትጣደፍም በሉት» ይላል። ቅዱስ ሰኞ ሲደርስ ደግሞ አብነቱን በአንሶላ ሸፍኖ መሸታ ቤት ይሄዳል። ዜናስ ማታ ማታ የንድፉን ወረቀት ይዞ አጠገቡ ይቀመጥና በመለኪያ ይለካል፤ እንጨቱና ንድፉ ልክ ለልክ ሲገጥሙ ሁለቱም እንደ ልጆች ይጨባበጣሉ።

በመጨረሻው ቀን ግን ልጁ መለኪያውን የሰደፉ አንገት ላይ አሳርፎ ፊቱን አጠቆረ።

«ሚስተር ታንዲ፣ እዚህች ጋ ጎድጉዳለች። ንድፉ ላይ የለችም።»

«የአውራ ጣት ማደሪያ ናት።»

«ንድፉ ላይ የለችም እኮ ነው የምልዎት።»

«ንድፉ አውራ ጣት የለውማ! ወረቀት ነው!»

ተከራከሩ። ዜናስ በሥራው ላይ ሲሆን ትሕትናው ያልቃል፤ የመጣበትም ምክንያት ሁሉም አንድ እንዲሆን ነው፣ ፀጉር እንኳ እንዳይዛነፍ። ጭቅጭቃቸው ሲከር ታቢታ በመጥረጊያ አስወጣቻቸው። ነገሩ ሚስተር ሃርግሪቭ ፊት ቀረበ። እሱም ብልህ ነውና ፋብሪካው ጠመንጃ ለመመርመር የቀጠረውን አንድ ጡረተኛ የሃምሳ አለቃ ጠርቶ ምንም ሳይነግረው ሰደፉን አስጨበጠው። የሃምሳ አለቃው ትከሻው ላይ አስደገፈ፣ አወረደ፣ እንደገና አስደገፈ። «ውሰዱልኝ» አለ፣ ግን አልለቀቀም።

«ምን ይሰማሃል?» አለው ሥራ አስኪያጁ።

«እኔ እንጃ። የሚያውቀኝ ይመስላል።»

ዜናስ እርሳሱን አወጣና ጎድጓዳዋን ንድፉ ላይ ሣላት። ከዚያ ወደ ኢኖክ ዞሮ፣ «አሁን ንድፉም አውራ ጣት አለው» አለ። ኢኖክ ጀርባውን ሲመታው ልጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

አብነቱ በብረት ተቀድቶ ማሽኑ ላይ የታሰረ ዕለት ሥራ ተጀመረ። ኢኖክ ከሰዓት ሲመጣ ግድግዳውን ሞልተው የተደረደሩ ሰደፎች ጠበቁት። አንዱን ጨበጠ። ዓይኑን ጨፈነ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ጨበጠ። ረድፉን ይዞ እየጨበጠ ሄደ፤ ሁሉም የእሱ ናቸው። ዕድሜ ልኩን ሁለት ተመሳሳይ ሰደፍ ጠርቦ አያውቅም፤ አንዱ ላይ ብርድ ይገባበታል፣ አንዱ ላይ ከታቢታ ጋር ተጣልቶ ይውላል፣ ሌላው ላይ የማክሰኞ ራስ ምታት አለበት። እነዚህ ግን ሁሉም እጁ በጣም ያማረበት የዚያች የአንዲቱ ሳምንት ሥራ ናቸው። ከረድፉ ጫፍ ሲደርስ ሳቅ ያዘው። እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ቺንጋ ጠባቂዎቹም ምክንያቱን ሳያውቁ አብረውት ሳቁ።

ያን ቀን ከሁሉ የባሰው ግን ጆሳያ ነው። ሊሳለቅ መጥቶ ነበር። ዜናስ ካለቁት ጠመንጃዎች ጥቂቱን ፈታትቶ፣ ብረቱንም እንጨቱንም አንድ ሣጥን ውስጥ ደባለቀና፣ «ሚስተር ፒክ፣ እስቲ አንዱን ይግጠሙልኝ» አለው።

«ደባልቀኸው? አንተ ልጅ አብደሃል? የማንን ከማን ልለይ?»

«አይለዩ። ያገኙትን ያንሡ።»

ጆሳያ እጁን ከቶ አንድ መተኮሻ አወጣ። በግራ እጁ ሞረዱን ከኪሱ መዘዘ፤ ልማድ ነውና። መተኮሻውን ሰደፉ ውስጥ ሲያስቀምጠው «ቀጭ» ብሎ ገባ። ጆሳያ ሞረዱን አየ፣ መተኮሻውን አየ። ነቅሎ ሌላ ሞከረ፤ ቀጭ። ሌላ፤ ቀጭ። ብሎኑም ገባ፣ አፈሙዙም ተኛ። ሞረዱ በአየር ላይ እንደተሰቀለ ቀረ፣ የሚሞርደውን አጥቶ።

«አንዱን እንኳ አበላሽልኝ» አለ ዜናስን፣ በልመና ድምፅ። «ትንሽ ልሞርድበት።»

መላው ፋብሪካ ሳቀ። ጆሳያ ተኮሳትሮ ሳለ የከንፈሩ ጥግ ተንቀጠቀጠ፤ እሱም ሲስቅ ታየ። ኢኖክ በኋላ ሲያወራው «በሃያ ዓመት ጉርብትና ጥርሱን ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ለካ ሁለቱ የሉም» ይል ነበር።

ሁሉም ነገር ግን በሳቅ አላለፈም። ላቭዴይ መንገድ እየቀዘቀዘ ሄደ። ቅርጫት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ሌላ ሥራ ፈለጉ፤ ፊንች ተቆጥቶ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ አንዳንድ መስኮት ላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ኢኖክ በእነዚያ በሮች ሲያልፍ ዘፈኑን ያቆም ነበር። ጆሳያን ራሱ እጁን ይዞ ወደ ዜናስ ወሰደው። ማሽኖቹ የሚያወጡት ብረት ሁሉ ልክ መሆኑ የሚፈተሸው በብረት መለኪያ ነው፤ መለኪያውን ደግሞ የሚሠራው ማሽን ሳይሆን ሞረድ የያዘ ሰው ነው። ጆሳያ መለኪያ ሠሪ ሆነ። እየተነጫነጨ ገባ፣ እየተነጫነጨም ኖረ፤ ግን ማንም ከዚያ ሊያስወጣው አይችልም ነበር።

ኢኖክንም ሥራ አስኪያጁ የሰደፍ ክፍሉ አለቃ ሊያደርገው ጠራው።

«እሺ» አለ ኢኖክ፣ «ሰኞ ግን የለሁም።»

«ሚስተር ታንዲ፣ የእንፋሎት ሞተሩ ቅዱስ ሰኞን አያውቅም።»

«እንግዲያ አረመኔ ነው፤ እናስተምረው።»

ግማሽ ቀን ተከራክረው እንዲህ ተስማሙ፤ ኢኖክ ሰኞ ከምሳ በኋላ ይመጣል፣ ግን የደወሉን ሰዓት ሌላ ቀን ሁሉ ያከብራል። በዚያውም ሰኞ ከሰዓት እየዘፈነ ይገባል። ቺንጋዎቹ ሲዞሩ ጠብ ጠብ የሚል ምት አላቸው፤ እሱ ምቱን ይዞ ያዜማል፣ ሠራተኞቹ ይቀበሉታል። በጎዳናው የሚያልፍ ሰው ውስጡ ጸሎት ቤት ይሁን ፋብሪካ ቆም ብሎ ያዳምጣል።

ሌላም ነገር ሆነ። ደወሉ ሲደወል ሥራ ያልቃል፤ ኢኖክ ደግሞ በዕድሜው ሙሉ በብርሃን ቤቱ ተቀምጦ አያውቅም። ወገቡ ዳነ፤ እጁ ግን ሥራ ፈታ፣ ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ ያሳክካል። ታቢታ አንድ ቀን የወንበር እግር ሲቀርጽ፣ ሌላ ቀን የበሩን እጀታ ወደ ዳክዬ ራስ ሲለውጥ አየችና «ቤቱን ጠርበህ ሳትጨርሰው አንድ ሁነኛ ነገር ሥራ» አለችው።

የቅድስት ማርያም መዝሙር ጓድ ትልቁ ቫዮሊን፣ ያ ቆመው የሚመቱት ሰው የሚያህለው፣ በእርጥበት ተሰንጥቆ ከተጣለ ቆይቷል። ኢኖክ አዲስ ልሥራ ብሎ ተነሣ። እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም፤ ማንም አላስተማረውም። የተሰነጠቀውን ፈትቶ እያየ፣ እንጨቱን በእንፋሎት እያጎበጠ፣ አንዱን ሰብሮ ሌላውን እያስተካከለ ክረምቱን አሳለፈ። ዜናስ የጅማት መወጠሪያዎቹን ከብረት አበጀለት። ጆሳያ «ከበሮ ነው ወይስ የሬሣ ሣጥን?» እያለ በየምሽቱ ያየው ነበር።

ያለቀ ዕለት ዜናስና ጆሳያ ከፊትና ከኋላ ተሸክመው በላቭዴይ መንገድ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ደጅ ወጣ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመ። ደጋኑን የያዘው የጓዱ ሽማግሌ የመጀመሪያዋን ድምፅ ሳባት፤ ጉድጓድ ውስጥ የገባች አህያ የምታሰማውን የመሰለ ድምፅ ወጣ። ቄሱ መዝሙረ ዳዊታቸውን ፊታቸው ላይ ደፉት፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ታቢታ ሳቋን ልትውጥ ስትል ትን አላት። በመጨረሻ ጉባኤው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ።

ኢኖክ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ሲጨርስ ዓይኑን ጠርጎ ወደ ቫዮሊኑ ሄደ፤ ሆዱን በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን አስደገፈ፣ እንደገና አንኳኳ። ፊቱ ታቢታ ገና በወጣትነቱ የምታውቀው ዓይነት ሆነ።

«የደረቱ እንጨት ወፍሯል» አለ። «ገባኝ። ሁለተኛው እንዲህ አይሆንም።»

«ሁለተኛው?» አለች ታቢታ።

እሱ ግን የሚቀጥለውን እንጨት ከየትኛው ነጋዴ እንደሚገዛ ለዜናስ እያስረዳ ወደ በሩ መሄድ ጀምሯል።